ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ቤት ለአምስት ሲከራይ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከደሴ ነው። የጸሐፊዋን ስም ትተን ፍሬ ነገሩን እናስቀድም።

«ጋሼ፣ ከጂዳ ከተመለስኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያጠራቀምኳትን ብር ቤት ላይ አድርጌ በኪራይ ልተዳደር አስቤያለሁ። ሁለት ቤት አይቻለሁ። አንዱ እዚሁ ደሴ፣ ከጦሳ ሥር ወደ ላይ በሚወጣ ሰፈር ነው፤ ዋና ቤትና አራት ሰርቪስ ክፍል አለው፣ ሁሉም ተከራይተዋል፣ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ሲያዩት ያምራል። ሌላው ኮምቦልቻ ነው፤ ባለ ሦስት ክፍል ብሎኬት ቤት ከሁለት ሰርቪስ ጋር፣ ግድግዳው ከውስጥም ከውጭም ያልተለሰነ፣ ሰው የሌለበት። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ወንድሜ ‹የደሴውን ያዢ፣ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ብር ያመጣል› ይለኛል። ደላላው ደግሞ እስከ እሑድ ቀብድ ካልሰጠሽ ሌላ ሰው ይይዘዋል አለኝ። ስለ መብራትም ሆነ ስለ ውሃ መስመር የማውቀው ነገር የለም። ምን ምን ልይ? ኤሌክትሪክ የሚሠራ ጎረቤት አለን፤ እሱ አንዴ ቢያየው ይበቃል?»

እህቴ፣ አብሽሪ። የእሑዱን ነገር አስቀድመን እንጨርሰው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ የሚሰጠው ቤቱ ታይቶ፣ ተለክቶ፣ ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ነው። ደላላ የሚከፈለው ሽያጩ ሲያልቅ ስለሆነ ሁልጊዜ «ሌላ ገዢ» አለው። እውነት ሌላ ገዢ ካለም ይግዛ፤ ደሴ ውስጥ የሚሸጥ ቤት አያልቅም።

ወንድምሽ የሚያየው የኪራዩን ብር ነው፤ ብሩ መኖሩንም አልክድም። እኔ ግን ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ የቀረው «ዋና ቤትና አራት ሰርቪስ» የሚለው ላይ ነው። እንዲህ ያለ ግቢ ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ቤተሰብ ነበር፤ አንድ ምጣድ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ የውሃ መስመር። ሰርቪሶቹ ከዚያ በኋላ ገንዘብ በተገኘ ቁጥር አንድ አንድ እያሉ ተጨመሩ። ክፍል ሲጨመር ሽቦው ከአጠገቡ ካለው ሶኬት ይቀጠላል፤ ከቆጣሪው የሚመጣው ዋና መስመር ግን እንደነበረ ይቀራል። የሽንት ቤቱ ጉድጓድም እንደዚያው። አሁን በዚያው መስመርና በዚያው ጉድጓድ አምስት ቤተሰብ ይኖራል። ኪራይ ቤት የሚገዛ ሰው መጠየቅ ያለበት ቤቱ ይህን ሁሉ ሰው መሸከም ይችላል ወይ ብሎ ነው። የቀለሙን ማማር ለተከራይ ተይለት።

ከመብራቱ እንጀምር፤ ሰው የሚገድለውም ቤት የሚያቃጥለውም እሱ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እነግርሻለሁ።

አንድ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎ ዋት አካባቢ ይወስዳል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ነው። የግቢው ዋና ብሬከር (ጭነት ሲበዛ መብራቱን ራሱ የሚቆርጠው ማጥፊያ) 32 አምፔር ከሆነ ሁለት ምጣድ አብሮ ሲሰካ ሞላ ማለት ነው። ሦስተኛዋ ተከራይ ስትሰካ ወይ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ወይ አይወርድም። መውረዱ ደኅና ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ሳይወርድ ሲቀር ነው። ብሬከር በየቀኑ ሲወርድ የሰለቸው ባለቤት ሠራተኛ ጠርቶ «ከፍ ያለ ቀይርልኝ» ይላል፤ ባለ 20ው ወጥቶ ባለ 40ው ይገባል። ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ግን ያው ነው። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ከሽቦው አቅም በላይ የሆነ ብሬከር ከገባ ቀድሞ የሚነደው ሽቦው ይሆናል፣ ያውም ማንም በማያየው ኮርኒስ ውስጥ። በብሬከር ፋንታ የድሮ ፊዩዝ ባለበት ቤት ደግሞ በተቃጠለው ፊዩዝ ቦታ የሽቦ ቁራጭ ጠምዝዘው የሚያስገቡ አሉ፤ የዚያም ውጤት ያው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የማከፋፈያ ሳጥኑን ማስከፈት ነው። ባለሙያው ከፍቶ ያሳይሽ፤ አንቺ እጅሽን አታስገቢ። እያንዳንዱ ብሬከር ስንት አምፔር እንደሆነ ላዩ ላይ ተጽፏል፤ ከሱ የሚወጣው ሽቦ ውፍረትም ለለመደ ዓይን ይታወቃል። የሽቦ ቁጥር ውፍረቱ በካሬ ሚሊ ሜትር ነው፣ የብሬከር ቁጥር ደግሞ አምፔሩ። ለአምፖል ባለ 1.5 ሽቦ ከባለ 10 ብሬከር፣ ለተራ ሶኬት ባለ 2.5 ከባለ 16፣ ለምጣድ ባለ 4 ወይም ባለ 6 ከባለ 20 ወይም ባለ 25 ብሬከር ጋር፤ የሚጠበቀው እንዲህ ነው። በባለ 1.5 ሽቦ ላይ ባለ 32 ብሬከር ካየሽ የቤቱን ታሪክ አነበብሽው። ምጣድ የራሱ መስመር አለው ወይስ ከሌላው ሶኬት ጋር ይጋራል ብለሽም ጠይቂ። ሳጥን ጨርሶ ከሌለና ሁሉም ነገር ከቆጣሪው ሥር ከአንድ ብሬከር የሚወጣ ከሆነ ሙሉውን መስመር እንደ አዲስ እንደምትዘረጊ አድርገሽ ዋጋሽን አስቢ።

ቀጥሎ ያለው ፈተና ቀላል ነው፤ ሻጮች ግን አይወዱትም። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ተከራዮቹን አስፈቅደሽ ምጣዶቹን ሁሉ አንድ ላይ አሰኪ፤ ቦይለር ካለም ይጨመር። ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ባለሙያው ቮልቴጁን በሁለት ቦታ ይለካ፦ ቆጣሪው ጋና በመጨረሻው ሰርቪስ ሶኬት ላይ። ቆጣሪው ጋ 215 ሆኖ ሰርቪሱ ጋ 180 ከሆነ ችግሩ የቤቱ ነው፤ ወይ ሽቦው ቀጥኗል፣ ወይ የሆነ ቦታ ቅጥያው ላልቷል። በገንዘብ ይስተካከላል። ቆጣሪው ጋ ራሱ 180 ከሆነ ግን የሰፈሩ መስመር ወይም ትራንስፎርመር ተጨናንቋል፤ እሱን ደግሞ አንቺ ገዝተሽ አትቀይሪውም። ይህን ልዩነት ሳያውቁ ገዝተው፣ የቤቱን ሽቦ በሙሉ ቀይረው፣ መብራቱ አሁንም እንደ ኩራዝ የሚሆንባቸው ሰዎች አሉ። ከግማሽ ሰዓቱ በኋላ የሶኬቶቹን የፕላስቲክ ክዳን በእጅሽ ጀርባ ነካ አድርጊ። ለብ ማለቱ ያለ ነው፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ፣ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተሽ፣ ዋናውን ያጥፉት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ከተከራዮቹ ጋር ቡና ጠጪ፤ ባለቤቱም ደላላውም በሌሉበት። «ምጣድ የምትሰኩት እንዴት ነው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። «ተራ አለን፤ የሷ ማክሰኞ፣ የኔ ረቡዕ» ካሉሽ መልሱን አገኘሽ። አምስት ሴቶች የመጋገሪያ ተራ የሚያወጡት መስመሩ እንደማይችል በልምድ ስላወቁ ነው። ባለቤቱ «ለዓመታት ማንም አቤት ብሎ አያውቅም» ሲልሽም ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ችግሩን ተከራዮቹ በተራ ፈትተውለታል።

አሁን የመሬት ሽቦ፣ ባለሙያዎች ኧርዝ የሚሉት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ ዛሬ የሌለው ቦይለር ነገ በተከራይ እጅ ይገባል። የቦይለር ውስጡ ሲበላሽ ኤሌክትሪኩ ወደ ብረቱና ወደ ውሃው ይወጣል፤ የመሬት ሽቦ ካለ ወደ መሬት ይሄዳል፣ ከሌለ በሚታጠበው ሰው በኩል ያልፋል። ሶኬቶቻችን ጎንና ጎን ትንንሽ የብረት ምላሶች አሏቸው፤ የመሬት ሽቦ የሚታሰረው ከነሱ ኋላ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ምንም አልታሰረባቸውም፣ ለጌጥ የተቀመጡ ናቸው። አንድ ሁለቱን አስፈትተሽ እይ። ከዚያ ከሳጥኑ ወደ መሬት የሚወርደውን ሽቦ ተከትለሽ የተቀበረውን ዘንግ ያሳዩሽ። «አለ፣ ተቀብሮ ነው» የሚል መልስ አትቀበዪ፤ መለኪያ አለው። ከ10 ኦም በታች ቢሆን ጥሩ ነው፤ ድንጋያማ ዳገት ላይ አንድ ዘንግ ላይበቃ ይችላል። ኤሌክትሪክ ወደማይገባበት ሲፈስ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከርም አለ፤ ፊቱ ላይ የላቲኑ ‹ቲ› ፊደል ያለበት መሞከሪያ ቁልፍ አለው። ሲጫኑት ካልወረደ ተበላሽቷል። ከሌለ አስገቢ፤ የመታጠቢያ ቤቱ መስመር ላይ ባለ 30 ሚሊ አምፔሩን። በዚህ ላይ ገንዘብ ቆጥቢ ብዬ አልመክርሽም።

ስለ ቆጣሪ አንድ ነገር። አምስቱም ቤት በአንድ ቆጣሪ ከሆነ የሒሳብ ጣጣ አለው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው፤ የመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ርካሹ ሲሆን አጠቃቀም በጨመረ ቁጥር የእያንዳንዱ ዋጋ ያድጋል። አንድ ቤተሰብ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት ቢጋግር በወር ወደ 56 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። አምስቱ አንድ ላይ 280፣ ያውም ምጣድ ብቻውን። ለየብቻ ቢሆኑ በታችኛው እርከን የሚከፍሉት ሰዎች ተደምረው ከላይኛው ይወድቃሉ፤ ከዚያ «ማን አበራ፣ ማን አጠፋ» የሚለው ጭቅጭቅ የአከራይዋ ይሆናል። ተጨማሪ ቆጣሪ ወይም ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር ኃይል) ማስገባት ይቻል እንደሆነ ከመግዛትሽ በፊት ከኤሌክትሪክ አገልግሎት ቅርንጫፍ ጠይቂ። የቆጣሪው ባለስም ማን እንደሆነና ውዝፍ እንደሌለበትም በዚያው አረጋግጪ።

ወደ ውሃና ፍሳሽ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር መስመሩን መፈተሽ የሚቻለው በመጣበት ቀን ብቻ ነው፤ ቀኑን ጠብቂ። ቧንቧዎቹ ሁሉ ተዘግተው፣ ሮቶው ሞልቶ፣ የውሃ ቆጣሪው አሁንም የሚዞር ከሆነ የሆነ ቦታ መሬት ውስጥ ይፈስሳል። የድሮ የብረት ቧንቧ ከሆነ ውስጡ ዝጎ ጠቧል፤ መጀመሪያ ሲከፈት ቡናማ ውሃ መውጣቱ ምልክቱ ነው። ሮቶው ያለበትን ቦታም ቀና ብለሽ እዪ፦ ባለ 2,000 ሊትሩ ሲሞላ ሁለት ቶን ነው፤ በእንጨት ማገር ላይ የሚቀመጥ ሸክም አይደለም።

ስለ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ግን ላቆይሽ ነው፤ ዳገት ላይ ያለ ቤት ትልቁ ምስጢር እዚያ ነው። ስንት ጊዜ ሞልቶ ስንት ጊዜ ተመጠጠ? የሚመጥጠው መኪና እስከ ግቢው በር መድረስ ይችላል? ከጦሳ ሥር ባሉት ሰፈሮች መኪና የማይገባባቸው፣ በድንጋይ ደረጃ የሚወጣባቸው ብዙ መተላለፊያዎች አሉ። መኪናው የማይደርስ ከሆነና ጉድጓዱ «ሞልቶ አያውቅም» ካሉሽ፣ አምስት ቤተሰብ የሚጠቀምበት ጉድጓድ ፍሳሹ ወዴት ነው የሚሄደው? ወደ ታችኛው ጎረቤት ነው የሚሄደው። ከግቢው በታች ያለውን ቤት አንኳኩተሽ ሰላም በዪ፤ በሐምሌና በነሐሴ ግድግዳቸው ሥር ምን እንደሚወጣ ይነግሩሻል። የተጣሉም ከሆነ ጸባቸውን አብረሽ እየገዛሽ ነው።

የዳገት ነገር ከተነሣ፣ የደሴ መሬት መንሸራተት ያለበት መሬት ነው፤ ባለሙያዎች ለዓመታት ያጠኑት ጉዳይ ነው። ከቤቱ ኋላ የድንጋይ ድጋፍ ግንብ ካለ ጎኑ ላይ ቆመሽ እይው። መሐሉ ሆዱን የነፋ ከሆነ፣ ወይም ውሃ መውጫ ቀዳዳ የሌለው ከሆነ፣ ከኋላው ያለው እርጥብ አፈር እየገፋው ነው። አዲስ ቀለም የግድግዳ ስንጥቅ ይሸፍናል፤ የበር ግን አይሸፍንም። በሮቹን ሁሉ ክፈቺ ዝጊ። ጫፉ በቅርቡ በመላጊያ የተላገ በር ካየሽ መቃኑ ለምን እንደጠመመ ጠይቂ። ኮርኒስ ላይ ክብ ቡናማ ምልክት የጣሪያ ወይም የአሸንዳ ነገር ነው፤ እሱ ቀላል ነው፣ በዋጋ ይታሰባል።

ግድግዳውንም አንኳኪ። በደሴ በሲሚንቶ የተለሰነ ጭቃ ቤት ብዙ ነው፤ ቀለም ከተቀባ በኋላ ከብሎኬት አይለይም። ጭቃ ቤት በራሱ ክፉ አይደለም፣ ለብርድም ደኅና ነው። ክፉው በብሎኬት ዋጋ መግዛቱ ነው። ከመብራቱ አንጻርም አንድ ጣጣ አለው፦ ሽቦው ብዙ ጊዜ ያለ ቱቦ ጭቃው ውስጥ ይቀበራል፤ አይጥ ይበላዋል፣ እርጥበት ይገባዋል፣ መቀየር ሲፈለግም ጎትቶ የሚያወጣው የለም። ሜገር የሚባለው መሣሪያ የሽቦውን ልባስ ጤንነት ይለካል፤ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ካሳየ ሽቦው ጊዜው አልፏል። ጎረቤታችሁ ሜገር ከሌለው ካለው ሰው ይዋስ።

ኮምቦልቻ የራሷ ጉዳይ አላት። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርደሽ አየሩ ብቻ አይደለም የሚለወጠው። የቦርከና ሜዳ ላይ ጥቁር ዋልካ አፈር ያለበት ቦታ አለ፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ጥልቀት የሌለውን መሠረት ያነሣዋል። የቤቱ ማዕዘን ላይ በደረጃ ቅርጽ የሚሄድ ስንጥቅ ካየሽ ከመሬቱ ነው። ሜዳ ላይ የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ከሆነ ጉድጓዱ በክረምት ከታች ውሃ ይሞላዋል፤ የሰፈሩን ሰው ጠይቂ። የጣሪያውን እንጨት ለምስጥ እዪ። ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ካራ ቆሬና ማጀቴ አካባቢ፣ በ1953 ዓ.ም. የደረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ አዛውንቶች ያስታውሱታል፤ ስለዚህ ከበርና መስኮቱ በላይ ግድግዳውን ዙሪያውን የሚያስር የኮንክሪት ቢም መኖሩን ማየት ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም። ያልተለሰነ ቤት ላይ ደግሞ ይህ በዓይን ይታያል።

ወንድምሽ ያላሰበው ይህ ነው። የኮምቦልቻው ቤት መልኩ የከፋው ገና ስላላለቀ ነው፤ ብሎኬቱ፣ ቢሙ፣ ስንጥቁ ሁሉ ግልጥ ነው። መብራቱን ከልስኑ በፊት በቱቦ ዘርግተሽ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን መስመርና የራሱን ብሬከር፣ ለምጣድ ለብቻው ባለ 6 ሽቦ ብታስገቢ ወጪው ያለቀ ግድግዳ ሰብሮ ከመሥራት በብዙ ያንሳል። የኢንዱስትሪ ፓርኩና የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ባሉበት ከተማ ተከራይም አይጠፋም። በዋጋ ተቀራራቢ ከሆኑ፣ መሬቱ ደኅና ከወጣ፣ እኔ ወደ ኮምቦልቻው አደላለሁ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ኪራይ ታጫለሽ፤ የደሴውን ግን ስታድሺ አምስቱን ተከራይ አስወጥተሽ ነው የምታጪው።

የደሴው ልብሽን ከያዘው ደግሞ አትሽሺ፣ ዋጋ አስቀንሺ። ባለሙያው የሚቀየረውን ሁሉ በዕቃና በሥራ ዋጋ ለይቶ በወረቀት ይጻፍልሽ፤ ያንን ይዘሽ ከሻጩ ጋር ተቀመጪ። «ይቀነስልኝ» ብቻ ከሚል ሰው «ዋናው መስመር፣ ስምንት ብሬከር፣ የመሬት ሽቦና የጉድጓዱ ሥራ ይህን ያህል ይፈጃል» የሚል ሰው ይሰማል። ሳትጠግኚ አከራይቼ ኋላ ከኪራዩ እጠግናለሁ ማለት አያዋጣም። የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 በሚሠራበት ከተማ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይበልጥም፤ ለጥገና ብለሽ በመሐል ኪራይ መጨመር አትችዪም። በምትገዢበት ከተማ እንዴት እየተሠራበት እንደሆነ ከከተማው አስተዳደር ጠይቂ።

ጎረቤታችሁ ያየው ይበቃል ወይ ላልሽው፦ ሙያውን አልጠራጠርም፣ ይሉኝታውን ነው። ሻጩን ወይም ደላላውን የሚያውቅ፣ በነፃ የሚያይ ሰው «ደኅና ነው፣ ትንሽ ነገር ብቻ» ይልሻል። ከፍለሽ የምታስመጪው፣ ሁለቱንም የማያውቅ፣ የሙያ ፈቃድ ያለው ሰው ይሁን። ኮምቦልቻ ባለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የኤሌክትሪክ አስተማሪዎች አሉ፤ እነሱን ሰው ጠቁሙኝ ብሎ መጠየቅም ይቻላል። ጎረቤታችሁ ግን አብሮ ይሂድ፤ የሚባለውን ይተረጉምልሻል፣ ቅርም አይለውም።

ወረቀቱን በተመለከተ አጠር ላድርገው። አራቱ ሰርቪሶች በግንባታ ፈቃዱ ላይ መኖራቸውን ከከተማው አረጋግጪ፤ ያለ ፈቃድ የተሠራ ክፍል ላይ ቆጣሪ ማስገባት ራስ ምታት ነው። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በውልና ማስረጃ ወይም በፍርድ ቤት ፊት መደረግ አለበት፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ነው። ሻጩ በአፍ ያለሽን ሁሉ፣ ማለትም ጉድጓዱ መቼ እንደተመጠጠ፣ የመሬት ሽቦ መኖሩን፣ ውዝፍ እንደሌለ፣ ውሉ ውስጥ አስጽፊ፤ በዓይን ሊታይ ይችል የነበረ ጉድለት ላይ በኋላ መከራከር ከባድ ነው። በርክክቡ ቀንም የመብራቱንና የውሃውን ቆጣሪ ንባብ ከሻጩ ጋር ሆናችሁ ፎቶ አንሡና በርክክብ ወረቀቱ ላይ ቁጥሩን ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት።